በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል

መስከረም 28

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ግማሹ ሰላምታ ነው። ጤናዬን አራት ጊዜ ጠይቀሻል፤ አንዴ ይበቃ ነበር፣ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ብሶበታል። ስልክ ላይ ሰው ሲያናግረኝ ጭንቅላቴን ንብ ቀፎ ውስጥ የከተትኩ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አትደውዪ፣ ጻፊ። ስትጽፊም እንደ ሰው ጻፊ። የላክሽውን በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። አስተማሪ ሆነሽ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከገጹ ራስ እስከ ግርጌው ነጥብ ሳታሳርፊበት ትነጂዋለሽ። ተማሪዎችሽ አሳዘኑኝ።

የተማሪዎች የውሃ ክበብ ማቋቋምሽ ደስ ብሎኛል። በየአገሩ ያሉ ወጣቶች በአንድ ቀን የየሰፈራቸውን ውሃ ፈትሸው ውጤቱን አንድ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ ያልሽውን ሁለቴ አነበብኩት። በእኔ ጊዜ ወጣት ቤተ ሙከራ በር ላይ ከቆመ ይባረር ነበር። እኔም አባርሬያለሁ።

የካርታው ሰዎች ውሃው ውስጥ የሚገባውን የፍተሻ ወረቀት ልከውላችሁ ጠርሙሱን ራሳችሁ ፈልጉ ማለታቸው ግን ስንፍና ነው። ጠርሙስ ቀላል ነገር መስሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከከተማ ውሃ ቤተ ሙከራ አልወጣሁም፤ የተበላሸ ፍተሻ ሁሉ የሚበላሸው ጠርሙሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጠርሙስ እንዴት ይጸዳል ላልሽው ከሥራ መዝገቤ ቃል በቃል ገልብጬ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ጠርሙሱ ብርጭቆ ይሁን፣ ክዳኑም የሚጠመዘዝ። ሁለተኛ፣ ልጣፉ ተልጦ ሙጫው በሙቅ ውሃ ይልቀቅ። ሦስተኛ፣ ውስጡም ውጭውም በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ። አራተኛ፣ ጠርሙሱም ክዳኑም በረኪና ውስጥ ተነክሮ እስከ ማግስቱ ይቆይ። አምስተኛ፣ ንጹህ ጨርቅ ላይ ይደፋ፤ አቧራ ሳያገኘው ይከደን። ስድስተኛ፣ ውሃ ሲቀዳ ጣት አፉን አይንካ። ሰባተኛ፣ ወረቀቱ ገብቶበት ሙቀት ባለው ቦታ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ውሃው ከጠቆረ የተበከለ ነው፣ ካልጠቆረ ንጹህ ነው።

ለልጆቹ አንብቢላቸውና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። አንድ አትቀንሱ፣ አንድ አትጨምሩ። ነገር የሚበላሸው ሰው ከራሱ መጨመር ሲጀምር ነው።

ቅጂው በቁጥር 14 ተመዝግቧል።

አክስትሽ


ጥቅምት 19

ውድ አክስቴ፣

ዓረፍተ ነገሮቼን አሳጥሬያለሁ። ደህና ነኝ። ነጥብ። እርስዎም ደህና ነዎት። ነጥብ። ደስ አለዎት?

ክበቡ ሃያ ልጆች አሉት። ትምህርት ቤቱ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበትን ክፍል ሰጥቶናል፤ ወንበሮቹን ወደ አንድ ጥግ ከምረን ሁለት ጠረጴዛ አስገባን። ጠርሙስ ልጆቹ ከየቤቱ፣ ከየመድኃኒት መደብሩ፣ ከየሱቁ ለመኑ። አርባ ሁለት ደረሰ። መመሪያዎ መስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል፤ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። እርስዎን ሳያውቁ ፈርተውዎታል።

ከልጆቹ አንዷን "ሳሙና" ይሏታል። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ብሩሹን አንዴ ከያዘች የሚቀማት የለም። "ሳሙና፣ እዘኚለት፣ ጠርሙሱ ቆዳው ተላጠ!" ሲሏት "ያንተን አንገት ባሸው ይሻል ነበር፣ ምን ላድርግ፣ በረኪናው አይበቃም" ትላለች። ታናሽ እህቷን አዝላ የምትመጣበት ቀን አለ፤ ትንሿ ክዳን መቁጠር ትወዳለች፣ ከሦስት ግን አታልፍም።

የምንፈትሸውን ልጆቹ መርጠዋል። ገበያው ጫፍ ላይ የእጅ ፓምፕ አለ። ከተቆፈረ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እጀታው በሰንሰለት ተቆልፏል። መርማሪ መጥቶ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ሊል ነበር፤ አልመጣም። እናቶች አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው ከወንዝ ይቀዳሉ፣ አፍልተው ያጠጣሉ። ልጆቹ "መርማሪው ካልመጣ እኛ መርማሪ ነን" ብለው ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ ጻፉ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ቁልፉ ይከፈታል ተብሎ ቃል ተገብቶላቸዋል። ካርታው ላይም የንጹህ ውሃ ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ነጥብ እናገኛለን።

ሳሙና አንድ ጥያቄ አላት። በራሷ እጅ ጽፋ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። እባክዎን በቀይ አያርሙባት።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣

የልጅቷን ወረቀት አነበብኩ። አርሜዋለሁ። አንድ ስህተት ብቻ ነው ያለበት፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ ረስታለች። እጅ ጽሑፏ ካንቺ ይሻላል።

ጥያቄዋን ግን አልወደድኩትም። ጠርሙሱ በረኪና በረኪና መሽተቱ ምኑ ያስገርማል? በረኪና ውስጥ ነበራ! "ሽታውን በውሃ አናስለቅቀውም ወይ?" ትላለች። በየትኛው ውሃ? ንጹህ ይሁን አይሁን ባልታወቀው? ያጸዳችውን መልሳ ልታቆሽሽ ነው? መመሪያው የተጻፈው ለሠላሳ አንድ ዓመት ተሠርቶበት ነው። ጎበዝ ልጅ ትመስላለች፤ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ከተጻፈው መውጣት ይወዳል። ከተጻፈው አትውጪ በያት።

ሌላው ወሬዬ ይህ ነው። ቤተ ሙከራው ለአዲስ ሠልጣኞች ትምህርት እንድሰጥ ጠይቆኛል። የሥልጠናውንም ክፍል በስሜ ሊጠሩት አስበዋል። እኔ አልለመንኩም። እምቢም አላልኩም።

ቅጂው በቁጥር 15 ተመዝግቧል።

አክስትሽ


ኅዳር 27

ውድ አክስቴ፣

አልጠቆረም! ሃያ አራት ጠርሙስ ቀዳን፤ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ፣ ሦስት ቀን ተከታትለን። ሁለት ሁለት ቀን ጠብቀን አየናቸው። አንድም አልጠቆረም። ውጤቱን የሞላችው ሳሙና ናት፣ ቅጹ ላይ የፈረመችውም እሷ ናት። በማግስቱ ካርታው ላይ ከተማችን ሰማያዊ ሆነች። ከሃያ ሰባት አገር የመጡ ነጥቦች መካከል የእኛን ልጆቹ በጣታቸው ሲነኩ የኮምፒዩተሩ መስታወት በአሻራ ተሸፈነ።

ሰንሰለቱን አስተዳደሩ ራሱ መጥቶ ቆረጠው። ልጆቹ ፓምፑን ሰማያዊ ቀለም ቀቡት፤ ግማሹ ቀለም ልብሳቸው ላይ ነው። ቤት ለቤት ዞረው ከእንግዲህ ወንዝ መውረድም ማፍላትም ቀረ ብለው ነገሩ። አንዲት እናት ጀሪካኗን ሞልታ ተቀመጠችበት። "ምን ሆነሽ ነው?" ስንላት "እግሬ አላምን ብሎኝ ነው" አለች።

አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን ውጭ ይጠሩኛል።

በስምዎ ስለሚጠራው ክፍል እንኳን ደስ አለዎት። ይገባዎታል።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 29

ለእህቴ ልጅ፣

ከአንድ ወር በላይ ዝም ብለሻል። አንቺ ዝም የምትዪው ስትሰብሪ ነው። በሰባት ዓመትሽ የመነጽሬን መስታወት የሰበርሽ ቀንም አልጋ ሥር ገብተሽ እንዲሁ ዝም ብለሽ ነበር።

ትናንት ጋዜጣ ላይ፣ አምስተኛው ገጽ ግርጌ፣ አራት መስመር አነበብኩ። የከተማችሁ ስም አለበት። ትውከትና ተቅማጥ ይላል። "በርካታ ሰዎች" ይላል። በርካታ ቁጥር አይደለም።

ሦስት ነገር እጠይቅሻለሁ፣ ሦስቱንም መልሺ። ስንት ሰው ታመመ? ስንት ሞተ? ስትፈትሹ፣ ቆሻሻ መሆኑ የታወቀ ውሃ በአንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጣችሁ ነበር ወይ? ቆሻሻው መጥቆር አለበት፤ ካልጠቆረ ፍተሻው ዋጋ የለውም። ይህን ያልጻፍኩልሽ ማንም የሚያውቀው ስለመሰለኝ ነው።

ሰላምታውን ተዪውና ቶሎ መልሺ።

ቅጂው በቁጥር 16 ተመዝግቧል።

አክስትሽ


ጥር 10

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጆሮዎስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ሳላስብዎት የዋልኩበት ቀን የለም፣ የዘገየሁትም በሌላ በምንም ምክንያት አይደለምና እንዳይቀየሙኝ እለምንዎታለሁ፣ ጋዜጣ መቼም ሁሉን ነገር እንደሚያጋንን እርስዎም ያውቃሉ፣ ሰው ታሞ ነበር፣ አሁን ግን ሐኪሞች መጥተው ድንኳን ተክለው ብዙዎቹ እየተሻላቸው ነው፣ ስለዚህ እንዳይጨነቁ።

ሦስተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ። ያ ያስቃል ያልኩዎት ነገር ነው። ሁለት ቀልደኛ ልጆች በአንድ ጠርሙስ የቦይ ውሃ ቀድተው፣ ጥቁረቱ ምን እንደሚመስል ልናይ ነው ብለው ከሌሎቹ ጋር አሰለፉት። ከላዩ የላም እበት የሚንሳፈፍበት ቦይ ነው። እሱም አልጠቆረም። "የእኛ ቦይ እንኳ ንጹህ ነው!" ብለው ሲስቁ ዋሉ። ወረቀቱ የተበላሸ መስሎኝ ጣልኩት።

ሳሙና ለጊዜው ትምህርት ቤት አትመጣም። የቤት ሥራ በዝቶባታል።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 19

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽን አላረምኩትም።

የቦዩን ነገር ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን ጽዋ አስቀመጥኩ። ተነስቼ የሥራ መዝገቤን አወጣሁ። አራተኛ፣ በረኪና ውስጥ ይነከር። አምስተኛ፣ ንጹህ ጨርቅ ላይ ይደፋ። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል አንድ በር ነበር። ጠርሙሱን በረኪና ውስጥ የምነክረው እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ባልዲውን በዚያ በር ለአጣቢዋ አቀብላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱ ተከድኖ በትሪ ተደርድሮ ይመጣልኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሩን ገፍቼ አልገባሁም።

አጣቢዋን ፈልጌ አገኘኋት። ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ፣ ደረጃ ወጥቶ ባለች ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ ግድግዳው ጎማ ጎማ ይሸታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ውይ ጉድ! እመቤቲቱ! እኔኮ ሞተሻል ብዬ ነበር!"

ድሮ አንቱ ትለኝ ነበር። አሁን አንቺ አለችኝ።

"ጮክ በይ፣ ጆሮዬ አይሰማም" አልኳት።

"ድሮስ መቼ ሰምቶ ያውቃል?"

"ጠርሙሶቹን ከበረኪናው ካወጣሽ በኋላ ምን ታደርጊያቸው ነበር?"

"ለዚህ ነው ደረጃውን ስታቃስቺ የወጣሽው?"

"ንገሪኝ።"

"አለቀልቃቸው ነበራ! ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሦስት ጊዜ። ሽታው ካልለቀቀ አራት።"

"ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?"

"ማን ይለኛል? አፍንጫ የለኝም እንዴ! ያ ነገር ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ ብሎ ከቀረ፣ ያንቺን ትላትሎች አንድ ሳያስቀር ይፈጃቸዋል። ከዚያ ምኑን ልታዪ ነው?" ምስሩን ወደ ሰፌዱ መለሰችና ሳቀች። "መዝገብሽ ላይ የለም እንዴ? ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ትጽፊ አልነበር?"

"የለም።"

"እንግዲያው እኔም የለሁማ" አለች። መሳቋን ተወች።

ልጄ፣ ጠርሙሶቻችሁ ውስጥ የቀረው በረኪና የቀዳችሁትን ውሃ አጸዳው። የቦዩንም አጸዳው። ፓምፑ ግን እንደነበረ ነው። ልጅቷ ጠይቃኛለች። ቁጥር 15ን አውጥቼ የመለስኩላትን አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ።

አሁን ቁጥሩን ትነግሪኛለሽ። "ብዙዎቹ" አትበዪኝ። የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች የት እንዳሉም ንገሪኝ።

ቅጂው በቁጥር 17 ተመዝግቧል።

አክስትሽ


የካቲት 3

አክስቴ፣

አሥራ አንድ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ አምስት ዓመት ያልሞላቸው። አንዷ የሳሙና ታናሽ እህት ናት። ክዳን የምትቆጥረው።

ይህን እንዳልጽፍልዎት ነበር ወሩን ሙሉ ስጽፍና ስቀድ የቆየሁት። ይቅር ይበሉኝ።

የበረኪናውን ነገር ከእርስዎ በፊት አውቄዋለሁ። የመጀመሪያው ልጅ በተቀበረ ማግስት ክፍሉ ገባሁ፣ የተረፉት ጠርሙሶች ተከድነው ተደርድረዋል፤ አንዱን ከፈትኩትና አሸተትኩት። የሳሙና ጥያቄ ትዝ አለኝ። መመሪያውን ከግድግዳው ላይ አንስቼ ከኅዳሩ ደብዳቤዎ ጋር ሻንጣዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ለማንም አላሳየሁም።

አጣሪ ኮሚቴ መጥቷል። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ትልቁ የሒሳብ ሰው ነው ይላሉ፣ ጥያቄ ሲጠይቅ ቀና ብሎ አያይም። ከተበከለ ፓምፕ የተቀዳ ሃያ አራት ጠርሙስ አንድም ሳይጠቁር አይቀርም፤ ስለዚህ ልጆቹ ውሃ ሳይቀዱ፣ ካርታው ላይ ሰማያዊ ለማግኘት ብለው ቁጭ ብለው የፈጠሩት ነው ብለዋል። ሃያዎቹም ከትምህርት ቤት ሊባረሩ ነው። ሳሙና ስለፈረመች በሐሰት ሰነድ ልትከሰስ ትችላለች። ጠርሙሶቹን በትክክል ያላጠብኩት እኔ ነኝ አልኩ። እንዴት እንዳጠብሽ አስረጂ ሲሉኝ አላስታውስም አልኩ። አላመኑኝም። ተማሪዎቿን ልትሸፍን ነው ብለው ጻፉ።

ሳሙና አንድ ቀን ብቻ መጣች። ወረቀቱ ተለጥፎ የነበረበትን ቦታ አየች፤ የማጣበቂያው ምልክት አለ። "የት ሄደ?" አለችኝ። "ተቀደደ" አልኳት። አየችኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሰዉ የእነሱን በር ላለማለፍ ዞሮ ይሄዳል። "ንጹህ ነው ብላ የነገረችን እሷ ናት" ይላሉ።

አክስቴ፣ እለምንዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ። እናቴ ስትሞት ያነሱኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ ዕድሜዎ ስምዎ አይነሳ። ክፍሉን በስምዎ ይጥሩት። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 11

ለእህቴ ልጅ፣

ዘግይተሻል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ አጣሪ ኮሚቴ መላኩን ጋዜጣ ላይ አይቼ ትናንት ቁጥር 14ንና ቁጥር 15ን ከመዝገቤ ላይ ቀድጄ ለኮሚቴው በሪኮማንዴ ፖስታ ልኬያለሁ። ከላያቸው አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጠርሙሶቹ በመመሪያው መሠረት በትክክል ታጥበዋል፣ መመሪያው ስህተት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ ስህተቱን ከፍተሻው በፊት ጠቁማኝ ዝም አሰኝቻታለሁ አልኩ። ከፈለጉ አንዱን ጠርሙስ በዚያው መንገድ አጥበው የቦዩን ውሃ ይቅዱበት፣ አይጠቁርም፤ ሌላውን አለቅልቀው ይቅዱበት፣ ይጠቁራል። ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው።

ቤተ ሙከራው ሄጄም ለኃላፊው በቃሌ ነገርኩት። ልጅ ነው፣ ደነገጠ። "እማማ፣ ምን ነካዎት፣ ማን ጠየቀዎት?" አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም። የሥልጠናው ነገር ቀርቷል። የድሮ ውጤቶቼንም እንደገና ሊያዩ ነው። ይዩ። እነዚያስ ልክ ናቸው፤ አጣቢዋ ነበረችበት።

በአንቺ ተቆጥቻለሁ። እኔን ልትሸፍኚ የሃያ ልጆችን አንገት አስቀደምሽ። ይህን አላስተማርኩሽም፤ ወይም ሳላውቅ አስተምሬሽ ይሆናል። ስም ስም ስል ነው ያደግሽው።

አሁን የማዝሽን ፈጽሚ። የለጠፍሽውን ወረቀት ከሻንጣሽ አውጪ። ያንኑ ራሱን፣ ሌላ ገልብጠሽ አይደለም። ከዚህ ጋር አንድ ቀይ እስክሪብቶ ልኬያለሁ፣ እኔ የማርምበት ነው። ሁለቱንም ለልጅቷ ስጪያት። ወረቀቱን ትረመው።

ይቅርታ ጠየቀችሽ እንዳትያት። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲላት አይሆንም ማለት ይከብዳታል፤ ያንን ሸክም አልጨምርባትም። ማረም ግን መብቷ ነው።

ቅጂው በቁጥር 18 ተመዝግቧል።

አክስትሽ


መጋቢት 8

አክስቴ፣

ኮሚቴው ያሉትን አደረገ። ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት ቀን። የተለቀለቀው ጠቆረ። የሒሳቡ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። "ተማሪዎቹ ውጤት አልፈጠሩም" ተብሎ ተጽፏል። የሚባረርም የሚከሰስም የለም። ወረቀቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን ተለጥፎ ቆየ፤ ቆሞ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

እኔ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። መረጃ ደብቃለች ተባልኩ፤ እውነት ነው። ክበቡ ተዘግቷል። ፓምፑ እንደገና በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ጉድጓዱ ሲታይ ከመጸዳጃ ቤቶቹ የሚወርደው ሁሉ ይሰርግበታል። እናቶች ወንዝ ወርደዋል። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ እስካለፈው ሳምንት ሰማያዊ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነው ያጠፉት።

ሳሙና ቤት ሄድኩ። እናቷ በሩን በግማሽ ከፈተችልኝ። "ደግሞ ምን ልታሳጥቢያት መጣሽ?" አለችኝ። የመመሪያውን ወረቀት አሳየኋት። ቆይታ፣ ቆይታ አስገባችኝ።

ሳሙና ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ተሰነጣጥቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ የምታገኘውን ዕቃ ሁሉ ታጥባለች፣ ደግማ ታጥባለች አለችኝ እናቷ። የኮሚቴውን ውሳኔ ነገርኳት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። እስክሪብቶውን ሰጠኋትና የማን እንደሆነ ነገርኳት።

"እኔ ላርማቸው? እሳቸውን?" አለች።

"ራሳቸው ናቸው ያሉት።"

ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ጣቷን እያስኬደች አነበበች። እንደ ድሮው ድምፅ አውጥታ አይደለም። ከዚያ ጻፈች። ብዙ አልፈጀባትም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ፣ እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም። ስወጣ ተነስታ አንዱን ድስት ስታነሳ አየኋት።

የጻፈችውን እኔ አልነግርዎትም። ከዚህ ጋር ነው። የካርታው ሰዎችም ቅጂ ጠይቀው ልኬላቸዋለሁ፤ በሌሎች አገሮችም ጠርሙስ በበረኪና የነከሩ ክበቦች እንዳሉ ደርሰውበታል። በየቋንቋው አስተርጉመው ለሁሉም ክበብ ሊልኩት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ግን መመሪያ ስላልሆኑ እናወጣቸዋለን ብለዋል። መመሪያውን የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ፈቃድዎን ይፈልጋሉ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 17

ለእህቴ ልጅ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። መስኮቱ አጠገብ ወስጄ በመነጽርም ያለ መነጽርም አየሁት።

በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ በዚያች ጠባብ ቦታ፣ "ውሃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። ሽታው ካልለቀቀ ይደገም።" ብላለች። ማንም አልነገራትም። ግርጌው ላይ ደግሞ ሁለት ቃል አለ።

"ጠይቄ ነበር።"

ነጥቡን በቦታው አሳርፋለች።

ስህተት ፈለግሁበት፣ ልማዴ ነው። የለበትም። ከጎኑ "ልክ" ብዬ ጻፍኩ፤ በእርሳስ፣ ቀዩ እስክሪብቶ እሷ ዘንድ ስለቀረ። መልሺ አትበያት።

ወረቀቱን ይዤ ከጎሚስታው ጀርባ ሄድኩ። አጣቢዋ ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። "ሽታው ካልለቀቀ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። "ይቺ አፍንጫ አላት" አለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ሳነብላት ግን ሰፌዱን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀምጬ አብሬያት ምስር ለቀምኩ። ጠጠር እያለፈኝ ደጋግማ ታወጣልኝ ነበር።

ሥራሽን ስትለቂ ወደ እኔ ነይ። ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። አልቆጣሽም፤ እሞክራለሁ።

ለካርታው ሰዎች የምትመልሺው ይህ ነው። ሁለቱ ቃላት አይወጡም። ወረቀቱ በሚሄድበት አገር ሁሉ፣ በየቋንቋው ይተርጎሙ። መመሪያ አይደሉም ካሉ ግን ልክ ናቸው፣ ግርጌ ቦታቸው አይደለም። ራስጌ ይምጡ። ልጆቹ ጠርሙስ ከመንካታቸው በፊት፣ ከአንደኛው በፊት፣ መጀመሪያ እነሱን ያንብቡ። ስሜን ከሥራቸው ይጻፉት፣ የጠየቀችው ማንን እንደሆነ ይታወቅ።

ቅጂው በቁጥር 19 ተመዝግቧል።

አክስትሽ